የአሉሚኒየም ብየዳ ጥንካሬ ከእሳቱ በፊት ይወሰናል

ሐምሌ ላይ እንጅባራ ጠዋቷን የምትጀምረው በጭጋግ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ፣ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ቢያባራም እርጥበቱ ከቆርቆሮውና ከመሣሪያው ላይ ቶሎ አይለቅም። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ያሉት ጋራዦችና የብየዳ ቤቶች በራቸውን ሲከፍቱ ቀድሞ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ባለ ባጃጅ ነው። ድንጋይ የመታው የሞተሩ ካርተር ተሰንጥቆ ዘይት ያንጠባጥባል። ሹፌሩ ይቸኩላል፤ ባጃጁ በቆመበት በእያንዳንዱ ሰዓት የዕለት ገቢው ይቀንሳል። በያጁ ስንጥቁን ቤንዚን በነካው ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ያደርግና ማስኩን ያወርዳል። ብዙም ሳይቆይ ስንጥቁ በወፍራምና በሚያብረቀርቅ ብየዳ ተሸፍኖ ይታያል። ሹፌሩ አገላብጦ ያየዋል፤ ገንዘቡንም የሚከፍለው ለዚህ ለሚታየው ነው። የመጋጠሚያው ዕድሜ ግን ማስኩ ከመውረዱ በፊት ተወስኗል። በአሉሚኒየምና በሌሎች ቀላል ቅይጦች ላይ ጥንካሬን የሚሰጠው የተከመረው መሙያ ብዛት አይደለም። ገጹ ምን ያህል ጸዳ፣ ምን ያህል ደረቀ፣ ምን ያህል ሙቀት ገባበት፣ በምን መሙያ ተሞላ የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ነው። ይህ እውነት በአዊ ከተሞች ዛሬ ከምንጊዜውም በላይ ሊታወቅ ይገባል፤ ምክንያቱም ቀላል ቅይጥ በየደጃፉ ገብቷል፤ የሚበይደው እጅና የሚከፍለው ዓይን ግን አሁንም የሚያስቡት በብረት ሕግ ነው።

ብረት የለመደ እጅ

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ አንድ ቀን ቆሞ ለተመለከተ ሰው አሉሚኒየም የሌለበት ሥራ ማግኘት ይከብደዋል። የባጃጁ ሞተር አካል፣ የመኪናው ቴስታታና ካምቢዮ፣ በአዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የሚገጠመው በርና መስኮት፣ ወተት የሚመላለስበት ዕቃ፣ በጣሪያ ላይ የሚታሰረው የሶላር ፍሬም፣ የአንዳንድ የጭነት መኪና ነዳጅ ማጠራቀሚያ ሁሉ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው የህዳሴ ግድብ የሚያደርሰው አንዱ መንገድ ከእንጅባራ ተገንጥሎ በቻግኒ በኩል የሚወርደው እንደመሆኑ፣ ለዓመታት የከባድ መኪና ጥገና ሥራ ከዚህ ከተማ አልጠፋም። ሥራው ሲበዛ ሙያውም ይሰፋል። የበያጆቻችን እጅ ግን የሠለጠነው የቤት በርና አጥር፣ የጋሪ አካልና የጣሪያ ትራስ በመበየድ ነው። ብረት ታጋሽ ነው። ትንሽ ዝገት ወይም ቀለም ቢኖርበትም፣ ጥቂት እርጥበት ቢነካውም፣ በኤሌክትሮዱ ሽፋን እርዳታ የሚችለውን ያህል ይያያዛል። ሲሞቅ ይቀላል፤ ለዓይን ምልክት ይሰጣል። ብየዳው ካላስተማመነ ደግሞ አንድ ዙር መድገም ብዙ ጊዜ አይጎዳውም።

አሉሚኒየም ከእነዚህ ልማዶች አንዱንም አይቀበልም። ክብደቱ ከብረት ሲሶ ገደማ ነው፤ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.7 ግራም ሲሆን የብረት 7.85 ነው። በ660 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ላዩን የሸፈነው ዓይን የማያየው ስስ ኦክሳይድ ግን ሙቀቱ ከ2,000 ዲግሪ ካላለፈ አይቀልጥም። ስለዚህ ኦክሳይዱ ሳይነሳ እሳት ከተለቀቀበት ውስጡ ቀልጦ ላዩ እንደ ከረጢት ይዞት ይቀራል፤ ሁለቱ ጫፎች ተነካክተው ሳይዋሐዱ ይረጋሉ። ከላይ ሲታይ የተያያዘ የሚመስለው መጋጠሚያ መሐሉ ላይ ክፍተት ይዞ ይሄዳል። ሙቀትን ከተራ ብረት አራትና አምስት እጥፍ ያህል ፈጥኖ ስለሚያሰራጭም፣ ሲጀመር የሙቀት እጥረት ሲጨረስ ደግሞ የሙቀት ብዛት ያጋጥማል። ከመቅለጡ በፊት ቀለሙን ስለማይለውጥ በያጁ በዓይኑ ሊተማመንበት አይችልም፤ ጠንካራ መስሎ የቆየው ጠርዝ በአንድ ቅጽበት ተንዶ ይወድቃል።

በአገራችን አርጎን ብየዳ የምንለው ዘዴ የተፈጠረው ይህን ዓይነት ችግር ለመፍታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 በአሜሪካው ኖርዝሮፕ የአውሮፕላን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ራስል ሜሬዲት ማግኒዚየምን ለመበየድ የተንግስተን ዘንግን ከሂሊየም ጋር አጣምሮ ተጠቀመ፤ ጋዙ አየሩን እያስወገደ የቀለጠውን ይጠብቃል። በኋላ አርጎን የሂሊየምን ቦታ በብዛት ያዘ። በአሉሚኒየም ላይ ግን አርጎን ብቻውን አይበቃም። መሣሪያው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ማለትም ኤሲ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱም ሞገዱ በተገለበጠ ቁጥር ኦክሳይዱን ከገጹ ላይ የሚነቅለው እሱ ነው። በገበያ ላይ በርካሽ የሚገኙት ትንንሽ የአርጎን መሣሪያዎች አብዛኞቹ ዲሲ ብቻ ናቸው። ለብረትና ለማይዝግ ብረት ይበቃሉ፤ ለአሉሚኒየም ግን ኦክሳይዱን ከጥቁር ቆሻሻ ጋር ቀላቅለው ይተዉታል። መሣሪያ የሚገዛ ወጣት ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት «ኤሲ አለው ወይ?» ብሎ ነው።

እርጥበትና ሃይድሮጅን

አዊን ከብዙ የአገራችን አካባቢዎች የሚለየው ዝናቡ ነው። ክረምቱ ረዥም፣ ጠዋቱ እርጥብ፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ለድንችና ለወተት የተባረከው ይህ አየር ለአሉሚኒየም ብየዳ ትልቅ ፈተና ነው፤ ፈተናውም ሃይድሮጅን ይባላል። ውሃ፣ ዘይት፣ ቅባትና ላብ ሁሉ ሃይድሮጅን አለባቸው። በኤሌክትሪክ ቅስቱ ሙቀት ተበትኖ የወጣው ሃይድሮጅን በቀለጠው አሉሚኒየም ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል። አሉሚኒየሙ በሚረጋበት ቅጽበት ግን ሊይዝ የሚችለው የሃይድሮጅን መጠን ወደ ሃያኛ እጅ ገደማ ይወርዳል። የተረፈው ጋዝ መውጫ ሲያጣ አረፋ ሆኖ ውስጥ ይቀራል። በመጋዝ ተቆርጦ የሚታይ እንዲህ ያለ ብየዳ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። እያንዳንዱ ቀዳዳ ሸክም ሊሸከም ይችል የነበረን ቦታ ይቀንሳል፤ ወደ ገጹ የቀረበው ደግሞ ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማጥራት ይገባል። ጥፋተኛው በብዛት በዙሪያው ያለው እርጥብ አየር ራሱ አይደለም፤ አርጎኑ በአግባቡ ከፈሰሰ አየሩን ከቅስቱ ያርቀዋል። እርጥበቱ የሚገባው በሌላ በር ነው። አሉሚኒየም ላይ ያለው ኦክሳይድ ውሃ ይስባል፤ እርጥብ ክፍል ውስጥ የከረመ መሙያ ሽቦም እንዲሁ። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ዕቃ ጠዋት ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። ያረጀ ወይም በደንብ ያልጠበቀ የጋዝ ቱቦ አየርና እርጥበት ያስገባል። በተከፈተ በር የሚገባ ነፋስ ደግሞ ጋዙን ይገፋዋል። በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር የሚሆን ነፋስ፣ ማለትም ፊት ላይ ለስለስ ብሎ የሚሰማው ዓይነት፣ በጋዝ የሚጠበቅ ብየዳን ለማበላሸት በቂ ነው። እነዚህ ሁሉ በሸራ ግርዶሽ፣ መሙያውን በደረቅና በተዘጋ ዕቃ በማስቀመጥ፣ ቱቦውን በመፈተሽና ከመጀመሩ በፊት ጋዙን ጥቂት በማፍሰስ የሚከለከሉ ናቸው።

ማድረቅ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቀዘቀዘ አሉሚኒየም ላይ የጋዝ ነበልባል አንዴ ለአፍታ ቢያልፍበት ገጹ ሲደርቅ ሳይሆን በጉም ሲሸፈን ይታያል። ነበልባሉ ሲነድ ራሱ ውሃ ስለሚፈጥር እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ገጽ ላይ ያርፋል። ደረቀ ብሎ እዚያ ላይ ያቆመ በያጅ ከነበረው የበለጠ እርጥበት ጨምሯል ማለት ነው። ጉሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋና ዕቃው በእኩል ለብ እስኪል ድረስ መቀጠል ያስፈልጋል። ማጽዳትም ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቅባቱ በአሴቶንና በንጹህ ጨርቅ ይወጣል፤ ከዚያ ለአሉሚኒየም ብቻ በተለየ የማይዝግ ብረት ሽቦ ብሩሽ ኦክሳይዱ ይነሳል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ብሩሹ ቅባቱን ወደ ገጹ ውስጥ ያሽገዋል። ብረት የጠረገ ብሩሽ ከሆነም የዝገት ቅንጣት ይተክልበታል። ቤንዚን የራሱን ቅባት ስለሚተውና እሳት ስለሚስብ አይመከርም። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ ደግሞ በቅስቱ ብርሃንና ሙቀት ወደ መርዛማ ጋዝ ስለሚለወጥ ከብየዳ ቤት መራቅ አለበት።

ሙቀት የሚወስደው ጥንካሬ

ገጹ ጸድቶና ደርቆ፣ አንዳች አረፋ የሌለበት ብየዳ ተሠራ እንበል። አሁንም መጋጠሚያው እንደ ዋናው ዕቃ ጠንካራ አይሆንም። ምክንያቱን ለመረዳት ወደ ጀርመናዊው አልፍሬድ ቪልም ግኝት መመለስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1906 ቪልም ከመዳብና ከማግኒዚየም ጋር የተቀየጠ አሉሚኒየም አሙቆ በውሃ ካቀዘቀዘ በኋላ፣ ከቀናት በኋላ ሲለካው ያለ ምንም ተጨማሪ ሥራ ጠንክሮ አገኘው። ዛሬ ለግንባታና ለማሽን የምንጠቀምባቸው የ6000 ተከታታይ ቅይጦች የሚጠነክሩት በዚሁ መንገድ ነው። 6061 የተባለው ቅይጥ ወደ 530 ዲግሪ ይሞቃል፣ በፍጥነት ይቀዘቅዛል፣ ከዚያም በ160 እና በ175 ዲግሪ መካከል ለሰዓታት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ማግኒዚየምና ሲሊከን ተጣምረው እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ይሆኑና በቅይጡ ውስጥ በእኩል ይሰራጫሉ። ጭቃ ቤት የሚመርግ ሰው ጭዱን አድቅቆ በእኩል ካቦካው ግድግዳው ይይዝለታል፤ ጭዱ አንድ ቦታ ከተከመረ ግን የቀረው ጭቃ ባዶውን ይሰነጠቃል። የብየዳ ሙቀት በቅይጡ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ጥቃቅኖቹን ቅንጣቶች ያሟሟቸዋል ወይም ሰብስቦ ያተልቃቸዋል፤ በመካከላቸው ያለው አሉሚኒየምም ይለሰልሳል።

ጉዳቱ በቁጥር ሲታይ ከባድ ነው። ቲ6 በሚባለው የጥንካሬ ደረጃ ላይ ያለ 6061 ቢያንስ 290 ሜጋፓስካል የመሳብ ኃይል ይችላል። ተበይዶ እንደገና በሙቀት ሳይጠነክር ሲቀር በአሜሪካ የአሉሚኒየም ብየዳ ደንብ የሚጠበቀው 165 ብቻ ነው። 40 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ዝርግ ከመበየዱ በፊት ሦስት ቶን ተኩል ያህል ቢሸከም፣ እንከን የሌለው ብየዳ ከገባበት በኋላ ሁለት ቶን ገደማ ላይ ይበጠሳል። የሚበጠሰውም ብዙውን ጊዜ በብየዳው ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ ሙቀት በነካው ክልል ነው። ለበርና መስኮት የሚውለው 6063 በዚያው ደረጃ ከ205 ወደ 117 ይወርዳል። በሌላ በኩል ጥንካሬውን ከማግኒዚየም ብዛት የሚያገኘው 5083 ከ305 ወደ 275 ብቻ ነው የሚወርደው፤ መርከብና ታንከር ሠሪዎች የሚመርጡትም ስለዚህ ነው። እነዚህ ቅይጦች ግን በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው። የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚበይድ ሰው ግማሽ ያህሉን ጥንካሬ ያጣ ይሁን አሥረኛውን ብቻ ሊያውቅ አይችልም።

ሙቀቱን ደግሞ መቆጣጠር ይቻላል። በ15 ቮልትና በ120 አምፔር የሚሠራ ቅስት 1,800 ዋት ይሰጣል። እጁ በሰከንድ 2 ሚሊ ሜትር የሚሄድ በያጅ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ላይ 900 ጁል ያፈሳል፤ በሰከንድ 4 የሚሄደው ግን 450 ብቻ። አንድ ዓይነት መሣሪያ፣ አንድ ዓይነት መሙያ ይዘው በፍጥነት ብቻ የተለያዩ ሁለት ሰዎች አንዱ በሌላው እጥፍ ሙቀት ያስገባል። የአውሮፓ የአሉሚኒየም ግንባታ ደንብ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ዕቃ የለሰለሰው ክልል ሽቦ እየመገበ በፍጥነት በሚሄደው የሚግ ብየዳ ከእያንዳንዱ ጎን 20 ሚሊ ሜትር፣ በዝግታ በሚሄደው በተንግስተኑ አርጎን ብየዳ ደግሞ 30 ሚሊ ሜትር ነው ብሎ ይቆጥራል። በሙቀት የጠነከረ ቅይጥ ከመበየዱ በፊት የሚሞቀው ከ120 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚከለከለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ «አልያዘም» ብሎ አንድ ዙር መጨመር፣ ብረት ላይ መልካም ልማድ የነበረው፣ እዚህ ጉዳት ነው፤ መሐሉን ያወፍራል፣ ጎኑን ያለሰልሳል።

መሙያው፣ ስንጥቁና የመብራት መቋረጥ

ሦስተኛው ሁኔታ የመሙያው ምርጫ ነው። 6061 ያለ መሙያ በራሱ ቀልጦ ቢያያዝ ሲረጋ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ የመጨረሻው ፈሳሽ ገና ሳይረጋ ዙሪያው ተኮማትሮ ይጎትተዋል። የተለየ ይዘት ያለው መሙያ የሚጨመረው ይህን ለመከላከል ነው። አምስት በመቶ ገደማ ሲሊከን ያለበት 4043 በደንብ ይፈስሳል፣ ስንጥቅን ይቀንሳል፣ ለሞተር አካል ዓይነት ቀልጦ ለተቀረጸ ዕቃ ይስማማል። አምስት በመቶ ገደማ ማግኒዚየም ያለበት 5356 በማዕዘን ብየዳ ላይ የመቆረጥ ኃይልን በግማሽ ያህል ይበልጥ ይችላል፤ ከ65 ዲግሪ በላይ ለረዥም ጊዜ በሚሞቅ ዕቃ ላይ ግን አይመከርም። የባጃጅ ሞተር ላይ 5356፣ ሸክም በሚሸከም ፍሬም ላይ ያለ ምክንያት 4043 ማስገባት ሁለቱም ስህተት ናቸው።

ስንጥቅ የሚወደው ሌላው ቦታ የብየዳው መጨረሻ ነው። ቅስቱ በድንገት ሲቆም የቀረችው ጎድጓዳ ፈጥና ትረጋለች፤ መሐሏ ላይም የኮከብ ቅርጽ ያለው ስንጥቅ ይወጣል። ጥሩ በያጅ አምፔሩን ቀስ በቀስ እየቀነሰ፣ መሙያ እየጨመረ ይጨርሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ቅስቱን የሚያቆመው ሁልጊዜ በያጁ አይደለም። ኃይሉ ተቋርጦ ሲመለስ ከቆመበት መቀጠል ስንጥቁን መቅበር ነው፤ የቆመበት ጫፍ በግራይንደር ተፍቆ፣ እንደገና ጸድቶ መጀመር አለበት። የዳንግላና የእንጅባራ በያጅ ሊያውቀው የሚገባ፣ መብራት በማይጠፋበት አገር የተጻፈ መማሪያ ግን ብዙም የማይቆምበት ነጥብ ይህ ነው።

አንዳንድ ቅይጥ ደግሞ በማቅለጥ ጨርሶ ሊበየድ አይገባም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአገር ውስጥ መስመሮች የሚያበረው ኪው 400 አውሮፕላን አካሉ በአብዛኛው ከአሉሚኒየም ቅይጥ የተሠራ ሲሆን ቆዳውን የያዘው በሺህ የሚቆጠር ሪቬት ነው። ለአውሮፕላን የሚመረጡት 2024 እና 7075 የተባሉት ብርቱ ቅይጦች ሲቀልጡ ይሰነጠቃሉና ነው። ዓለም ለዚህ ያገኘው መልስም ያለ ማቅለጥ መበየድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1991 የእንግሊዙ የብየዳ ኢንስቲትዩት የሚሽከረከር ዘንግ ወደ መጋጠሚያው ገብቶ ሁለቱን ጫፎች ሳያቀልጥ አለስልሶ እንዲያማስላቸው አደረገ። ሙቀቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ አረፋ የለም፤ በ6061 ላይም ከዋናው ጥንካሬ 70 እና 80 በመቶ ያህሉን ማቆየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1999 በዚህ መንገድ የተበየደ የደረጃዎች መገናኛ ክፍል የያዘ የቦይንግ ዴልታ ሮኬት ተወነጨፈ። ለእኛ የሚጠቅመው ትምህርት መሣሪያውን ማምጣቱ ላይ አይደለም። ዘመናዊው ዘዴ ጥንካሬ ያገኘው ሙቀትን በመቀነስ መሆኑን ማስተዋሉ ላይ ነው። ያ መርሕ በትንሹ የብየዳ ቤት ውስጥም ይሠራል።

«የእኛ ብየዳ ግን ይዟል»

ይህን ሁሉ የሰማ አሮጌ በያጅ የሚያነሳው ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅ የሚገባውም አይደለም። ለዓመታት ያለዚህ ሁሉ ወግ ሠርተናል፣ ሥራችንም ይዟል ይላል። እውነት ነው፤ የተበየደ ድስት፣ የወተት ዕቃ ጆሮ፣ የመስኮት ማዕዘን ብዙ ዓመት ይቆያል። የሚቆየው ግን የተጠየቀው ሸክም ከአቅሙ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ነው፤ ግማሽ ጥንካሬ ቢያጣም የቀረው ይበቃዋል። ፈተናው በሚንቀጠቀጥና በሚደጋገም ሸክም ላይ ይመጣል። የመኪና ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ሁለት ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ከእንጅባራ ባሕር ዳር ሲደርስ ከ50,000 ጊዜ በላይ ዞሯል ማለት ነው፤ ቸርኬውም በእያንዳንዱ ዙር ይጨነቃል፣ ይለቀቃል። አሉሚኒየም እንደ ተራ ብረት «ከዚህ በታች ከሆነ ለዘላለም አይደክምም» የሚባል ግልጽ ወሰን የለውም። የተበየደ አሉሚኒየም ለተደጋጋሚ ሸክም ያለው አቅም ደግሞ ከተበየደ ብረት ሲሶ ያህል ነው፤ ቅይጡ ብርቱ መሆኑም ብዙ አይለውጠውም። ስለዚህ ትናንት መያዙ ነገ ለመያዙ ምስክር አይሆንም። ተሰብረው የመጡት ሥራዎችም ብዙ ጊዜ ወደ ሠራቸው ቤት ስለማይመለሱ፣ በያጁ የሚያስታውሰው የያዙትን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ድህነት ነው። አርጎኑ ውድ ነው፣ ሲሊንደሩ ከሩቅ ይመጣል፣ ኤሲ ያለው መሣሪያ ከአቅም በላይ ነው ይባላል። የመሣሪያው ዋጋ እውነተኛ እንቅፋት ነው፤ በማኅበር ተደራጅተው በጋራ የሚገዙበት መንገድ ሊታሰብበት ይገባል። ከላይ የተዘረዘሩት ሁኔታዎች አብዛኞቹ ግን የሚጠይቁት ገንዘብ ጥቂት ነው፤ አንድ ለብቻው የተለየ ብሩሽ፣ ጥቂት አሴቶን፣ ንጹህ ጨርቅ፣ የሸራ ግርዶሽ፣ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃና ትዕግሥት። ውዱ ነገር የተበላሸው ሥራ ነው፤ ሁለተኛ ጊዜ የተበየደ ካርተር ሁለተኛ ጊዜ አርጎን ይበላል፣ ሙቀቱም ዕቃውን ይበልጥ ያዳክማል። አርጎን የሌለው ቤት በጋዝ ነበልባልና በዱቄት ማጽጃ ሊሠራ ይችላል፤ ያኔ ግን የዱቄቱ ቅሪት በሙቅ ውሃና በብሩሽ ተለቃልቆ ካልወጣ አሉሚኒየሙን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በወተት ዕቃ ላይ ደግሞ ቀዳዳና ሸካራ ብየዳ ወተት የሚደበቅበት ጉድጓድ ስለሚሆን ጉዳዩ ከጥንካሬ አልፎ የንጽህና ነው።

ሦስተኛው፣ ከተበየደ በኋላ እንደገና በሙቀት ማጠንከር ይቻላል የሚለው ነው። በመርሕ ልክ ነው፤ ተስማሚ መሙያ ከተመረጠ ዕቃውን በሙሉ ወደ 530 ዲግሪ አድርሶ፣ በፍጥነት አቀዝቅዞ፣ ለሰዓታት በተለካ ሙቀት ማቆየት አብዛኛውን ጥንካሬ ይመልሳል። ያ ግን ሙቀቱን በትክክል የሚጠብቅ ምድጃ ይጠይቃል፤ ዕቃውም ሊጣመም ይችላል። ቀልጦ በግፊት የተቀረጸ የሞተር አካል ደግሞ በውስጡ የታፈነ አየር ስላለ እንዲህ ሲሞቅ ያብጣል። ከዚህ ይልቅ ብየዳውን ሸክም ከሚበዛበት ቦታ ማራቅ፣ የሚቻል ሲሆን በቡሎን ወይም በሪቬት መያዝ፣ ወይም ወፈር ያለ ዕቃ መምረጥ የተሻለ ነው። ንድፍ አውጪው ቀድሞ ያሰበበት ቦታ በያጁን ከማይቻል ሥራ ያድነዋል።

ምን ይደረግ

የተሰነጠቀው የባጃጅ ካርተር ሊድን ይችላል። ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ይፈስሳል፣ አካሉ ይታጠባል፣ ቀስ ተብሎ በእኩል ይሞቃል፤ ለዓመታት የመጠጠው ዘይት ወደ ላይ ሲወጣ ደጋግሞ ይጠረጋል። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ እንዳይሄድ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል፤ ስንጥቁ እስከ ታች ተፈልፍሎ ይከፈታል፤ በብሩሹ ይጸዳል፤ ሲሊከን ባለው መሙያ በአጫጭር ዙር ይበየዳል፤ ከዚያም ከነፋስና ከውሃ ተከልሎ በዝግታ ይበርዳል። ከጠቅላላው ሥራ ቅስቱ የሚበራበት ጊዜ ትንሹ ነው። የተሰነጠቀ ቸርኬ ግን ሌላ ነገር ነው። በሙቀት የጠነከረና በእያንዳንዱ ዙር የሚጨነቅ ዕቃ በመንገድ ዳር ብየዳ ወደ ጥንካሬው አይመለስም፤ ሲሰበርም ሰው ይዞ ነው። ነዳጅ የያዘ ወይም ይዞ የነበረ ታንክም በሚገባ ታጥቦ እንፋሎቱ ሳይወጣ እሳት ሊቀርበው አይገባም። «ይህን አልሠራም» ማለት የሚችል በያጅ ደንበኛ ያጣ ይመስለዋል እንጂ ክብር ነው የሚያተርፈው።

ትልቁ ኃላፊነት ግን በማሠልጠኛው ላይ ይወድቃል። በእንጅባራና በዳንግላ ያሉ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች የወደፊቱን በያጅ እጅ የሚያበጁ ናቸው፤ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በቅርብ አለ፤ ባሕር ዳር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ በፖሊ ቴክኒክነት የተጀመረ የረዥም ጊዜ የምህንድስና ትምህርት ቤት አለ። አንድ ሠልጣኝ የአሉሚኒየም ብየዳ ችሎታው መለካት ያለበት ሥራውን በማየት ሳይሆን በመስበር ነው። ሁለት ቁራጭ ተበይዶ በሞርሳ ታስሮ ይታጠፋል፣ በመዶሻ ይከፈታል፤ ውስጡ አረፋ፣ ያልተዋሐደ ጠርዝ ወይም ስንጥቅ ካለ ወዲያው ይታያል። ይህ ላቦራቶሪ አይጠይቅም። አንዱን ሳይጸዳ፣ አንዱን እርጥብ እንደሆነ፣ አንዱን በሚገባ ተዘጋጅቶ በይዶ ሦስቱን ጎን ለጎን መስበር ከብዙ ገጽ ማስታወሻ የበለጠ ያስተምራል። ዩኒቨርሲቲዎቹም የመሳብ መፈተኛ መሣሪያቸውን ለአካባቢው በያጆች በሚመች ቀን ቢከፍቱ፣ በክረምትና በበጋ የተሠሩ ናሙናዎችን ለክተው ውጤቱን በአማርኛና በአዊኛ ቢያሳውቁ፣ ምርምራቸው ከመደርደሪያ ወጥቶ ገበያ ይገባል።

ደንበኛም የራሱ ድርሻ አለው። ለሚያብረቀርቀው ብየዳ ብቻ የሚከፍል፣ ለማጽዳትና ለማድረቅ የጠፋውን ሰዓት እንደ ስንፍና የሚቆጥር ከሆነ፣ በያጁ የሚሠራው የሚከፈለውን ነው። «ጋሼ፣ እስኪደርቅ ትንሽ ይታገሡኝ» የሚል በያጅ ሲያጋጥም መቆጣት ሳይሆን ማመስገን ይገባል። ምን ዓይነት ቅይጥ እንደሆነ፣ በምን መሙያ እንደሚሞላ፣ ብሩሹ ለአሉሚኒየም ብቻ የተለየ መሆኑን መጠየቅ የማንም መብት ነው፤ ዋጋውም ሲተመን ዝግጅቱ ራሱን ችሎ ይቆጠር። በአሉሚኒየም ብየዳ ላይ ሥራው ዝግጅቱ ነው፤ የሚከፈለውም ለእሱ መሆን አለበት።